የቆረጥኳቸው ሰባት ደቂቃዎች

ከሃያ ስድስት ዶላር ወደ አምስት ዶላር! በወር! እኔ ነኝ ያወረድኩት! አዳራሽ ሙሉ ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበልኝ፤ የፊዚክስ አስተማሪያችን ሳይቀሩ፣ እሳቸው ደግሞ መቶ ከመቶ ላመጣ ልጅ እንኳን አጨብጭበው አያውቁም። አምስት ኪሎ ማር ተሸለምኩ። እናቴ ማሩን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «የዝማሬ ነው፣ በኮምፒውተር ያገኘችው» ትላለች። ማር በኮምፒውተር!

አሪፉ ነገር ይሄ ነው። በቅድሚያ ያወራሁት ቀጥሎ ያለውን ከሰማችሁ በኋላ እንድኮራ ስለማትፈቅዱልኝ ነው። እኔም ራሴ አልፈቅድም። አሁን ራሱ ይሄን ስጽፍ ጆሮዬ ድረስ እየጋለኝ ነው።

እሺ ከመጀመሪያው።

አስራ አንደኛ ክፍል ነኝ፣ ቦንጋ። ሰፈራችን ጋሽ ሣህሌ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ አሉ፣ አባቴን ሁሉ ያስተማሩ። ምን ሲያደርጉ እንደኖሩ ታውቃላችሁ? የድምፅ መቅጃ በቦርሳ ይዘው፣ በእግራቸው፣ በዝናብ፣ ገጠር ለገጠር እየዞሩ ትልልቅ ሰዎችን በካፊኖኖ፣ በከፋ ቋንቋ ማለት ነው፣ ሲቀዱ። ስለ ንብ፣ ስለ ጫካ ቡና፣ ስለ ዛፍ ስም፣ ድሮ ሰርግ እንዴት እንደነበር። አንድ መቶ ሰማንያ ስድስት ሰው ቀድተዋል። ከነሱ ውስጥ ስልሳ የሚሆኑት ዛሬ የሉም፣ ሞተዋል። (ይሄን ቁጥር ያኔ አላውቀውም ነበር። አሁን ነው የቆጠርኩት።)

ቅጂዎቹ ዌብሳይት ላይ ናቸው። ዌብሳይቱ ደግሞ ቪፒኤስ ላይ ነው። ቪፒኤስ ማለት በቃ ውጪ አገር አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አለ፣ እሱ ውስጥ የራሳችሁን ክፍል ትከራያላችሁ። ሰው ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት እንደመከራየት አስቡት። ቁልፉ የናንተ ነው፣ ውስጡ የፈለጋችሁትን ታደርጋላችሁ፣ ኪራዩ ግን በዶላር ነው። ሃያ ስድስት ዶላር ማለት ወደ አራት ሺህ ብር ነው፣ በየወሩ! መጀመሪያ አስተማሪዎችና የቢሮ ሰዎች ያዋጡ ነበር። ዶላር ሲጨምር መዋጮው አልጨመረም። የጎደለውን ጋሽ ሣህሌ ከጡረታቸው ነበር የሚሞሉት፣ ለማንም ሳይናገሩ። ሚስታቸው ናቸው ለእናቴ የነገሯት።

አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆሙኝ።

«ዝማሬ፣ አንቺ የኮምፒውተር ክበብ ነሽ አሉ?»

«ምክትል ሰብሳቢ ነኝ ጋሽዬ!»

«ይኸው። ይሄ ሰርቨር የሚሉት ነገር የሚረክስበት መንገድ የለውም? ወይ እሱን ላርክሰው፣ ወይ እኔ ልርከስ ነው» ብለው ሳቁ።

«ለኔ ይተዉት!» አልኩ። ስለ ሰርቨር የማውቀው ሁለት ቪዲዮ ያየሁትን ነው። ሁለት!

በነጋታው ዜናውን ለወንጌላዊት ይዤላት ሄድኩ። ወንጌላዊት የልብ ጓደኛዬ ናት፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ። ምላሷ ግን አይጣል ነው።

«ከሃያ ስድስት ስንት ልታደርሺው ነው?»

«አምስት!»

«አምስት? አንቺ ዶላሩን ከሽሮ ጋር አምታተሽዋል።»

«አምስት አልኩሽ!»

«አምስት ካደረሽው አንድ ወር ሙሉ ቦርሳሽን እኔ እሸከማለሁ። ካላደረሽው ታዲያ የኔን ትሸከሚያለሽ፣ ምሳ ዕቃዬን ጨምሮ።»

እጅ ተጨባበጥን። አምስት የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ አትጠይቁኝ። አፌ ላይ ነው የመጣው።

ከዛ ገባሁበት፣ እናም ልነግራችሁ አልችልም እንዴት ደስ እንደሚል! የይለፍ ቃሉን ሰጡኝ፣ ከፈትኩት፣ ሁሉም ነገር የተረፈረፈ ነው። ራሙ አራት ጊጋ፣ ዌብሳይቱ የሚጠቀመው ግን ግማሽ ጊጋ እንኳን አይሞላም። ሁለት ሰው ለሚኖርበት አስር ክፍል ቤት ማለት ነው። ባክአፕ ደግሞ አለ፣ በየሳምንቱ ሁሉንም ነገር እየገለበጠ ሌላ ቦታ ያስቀምጣል፣ ለሱ ብቻ አራት ዶላር። አጠፋሁት። የድሮ የተቀመጡ ግልባጮች ሶስት ነበሩ፣ ለነሱም ያስከፍላሉ። አጠፋኋቸው። አንድ ነገር በጠፋ ቁጥር ዋጋው እዛው ፊቴ ላይ ይወርዳል፣ ልክ ጌም ላይ ነጥብ እንደማግኘት።

ቀጥሎ ሌላ ርካሽ ድርጅት አገኘሁ። የአመቱን ባንዴ ከከፈላችሁ በወር አምስት ዶላር ይመጣል። አምስት! ልክ ያልኩት! ብቻ ቦታው ሃያ አምስት ጊጋ ነው፣ ከሱም ላይ ሲስተሙ ራሱ ሶስት ምናምን ይወስዳል። የጋሽ ሣህሌ ቅጂዎች ደግሞ ሃያ ሰባት ጊጋ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልመን። ከሱ ከፍ ያለ ሌላ ፕላን ነበር፣ ሃምሳ ጊጋ፣ አስር ዶላር። ሁሉም ነገር ተመችቶት ይገባ ነበር። ከሃያ ስድስት ወደ አስር መውረድ ራሱ ያስጨበጭባል እኮ! አምስት ዶላር ልዩነት። እኔን ግን ይታየኝ የነበረው ወንጌላዊት የኔን ቦርሳ በአንድ ትከሻ፣ የሷን በሌላው አንጠልጥላ ቁልቁለቱን ስትወርድ ነው።

ድምፁን መጭመቅ ይቻል ነበር፣ ፋይሉ ትንሽ ይሆናል። ጋሽ ሣህሌን ስጠይቃቸው «እንዳትነኪው!» አሉኝ። «ጥራቱ ከቀነሰ ለቋንቋ አጥኚ አይሆንም። ረዘም ያለውና አጠር ያለው ድምፅ የሚለየው እዛ ላይ ነው።»

እሺ፣ ጥራቱን አልነካም። ታዲያ ምን ልንካ?

አምስት ስድስቱን ከፍቼ መስማት ጀመርኩ። ሁሉም አንድ አይነት ነው የሚጀምሩት። ሰላምታ! ግን እንዴት ያለ ሰላምታ! ጋሽ ሣህሌ አንድ ነገር ይላሉ፣ ሽማግሌው ይመልሳሉ፣ መልሰው ይጠይቃሉ፣ ጋሽ ሣህሌ ይመልሳሉ፣ ደግሞ እንደገና፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ቀፎው፣ ጎረቤቱ፣ ዝናቡ። ስድስት ደቂቃ፣ ሰባት ደቂቃ። ወሬው የሚጀምረው ከዛ በኋላ ነው።

ቢያንስ እኔ እንደዛ ነው የመሰለኝ። ምክንያቱም ካፊኖኖ አልችልም። አያቴ በስራ ተመድበው ከሰሜን መጥተው እዚህ ቀሩ፤ አባቴ እዚህ ተወለደ፣ እኔ እዚህ ተወለድኩ፣ ቤታችን ግን አማርኛ ብቻ ነው። የኔ ካፊኖኖ የገበያ ነው፦ ስንት ነው፣ ቀንሺ፣ አልፈልግም። አስራ ሰባት አመት ቦንጋ ኖሬ «አልፈልግም» ማለት ነው የምችለው። ይሄን ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም ነበር።

እና ቆረጥኩት። ከእያንዳንዱ ቅጂ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ደቂቃዎች። አንድ መስመር ትዕዛዝ ነው የጻፍኩት፣ መቶ ሰማንያ ስድስቱንም በአንዴ። እዛው ሰርቨሩ ላይ ነው የሰራሁት፤ ሃያ ሰባት ጊጋ በሞባይል ዳታ ላውርድ ብል የቤታችን የወር አስቤዛ አይበቃውም። ሃያ ሰባቱ ሃያ አንድ ሆነ። አዲሱ ላይ ልክክ ብሎ ገባ! ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ዘለልኩ።

የድሮውን ሰርቨር አዲስ ወር ከመግባቱ በፊት መሰረዝ አለባችሁ፣ ካለዚያ ደግሞ ያስከፍላሉ። ስሰርዘው «ይሄ አይመለስም፣ እርግጠኛ ከሆንሽ የሰርቨሩን ስም ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩ። እየዘፈንኩ ነበር።

ጋሽ ሣህሌ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቁኝ።

«የጠፋ ነገር የለም አይደል?»

«ምንም ጋሽዬ!»

እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያኔ የዋሸሁ አልመሰለኝም። ሰላምታ ምኑ ይጠፋል? ነገም ሰው ሰላም ይባባላል።

ከዛ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ስብሰባ ተጠራ፣ ጭብጨባ፣ ማር። ጋሽ ሣህሌ ማይክ ይዘው «ይህቺ ልጅ ለአባቶቻችን ድምፅ ቤት ሰራችለት» አሉ። ወንጌላዊት አንድ ወር ቦርሳዬን ተሸከመች፣ በየቀኑ ድንጋይ ጨምረሻል እያለች።

ሁለት ወር ምንም አልተፈጠረም። ያለፈው ሳምንት ሐሙስ ጋሽ ሣህሌ ደወሉ።

«ዝማሬ፣ ቅዳሜ አንድ ሴት ከሺሺንዳ ትመጣለች፣ አልጋነሽ ትባላለች። የማንኪራው የአቶ ኃይለሚካኤል ልጅ ናት። አባቷ ክረምት ላይ አርፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ቅዳሜ ጅማ ሀኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ፤ አንቺ የአባቷን ድምፅ አሰሚያት።»

«እሺ ጋሽዬ፣ ቀላል ነው!»

«መጀመሪያውን ነው እንድትሰማ የምፈልገው። ሰላምታውን። ስቀዳቸው ወደ ሺሺንዳ እንደማልፍ ነግሬያቸው ነበር፤ የልጆቻቸውን ስም አንድ በአንድ እየጠሩ ሰላምታ ልከዋል። የሷንም ጠርተዋል። ቀብር ላይ ነግሬያት እስካሁን እንቅልፍ የላትም። ሁለት አመት አባቷን ሳታይ ነው የሞቱባት፣ ባሏ ታሞ። እሱን ልትሰማ ነው የምትመጣው።»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም፣ «እሺ» ነው መሰለኝ ያልኩት።

ከፈትኩት። የአቶ ኃይለሚካኤል ቅጂ የሚጀምረው ከአንድ ቃል መሃል ነው። ግማሽ ቃል። ቃሉን ራሱ ለሁለት ቆርጬዋለሁ።

ለድሮው ድርጅት ጻፍኩላቸው፣ በጉግል እያስተረጎምኩ፣ እባካችሁ እባካችሁ እያልኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ መለሱ፣ በጣም በጨዋ ቋንቋ፦ የተሰረዘ ሰርቨር አይመለስም፣ ባክአፑ ቢኖር ኖሮ እንረዳሽ ነበር። የመቅጃው ካርድ ላይ ይኖር ይሆናል ብዬ የጋሽ ሣህሌን ሚስት በዘወርዋራ ጠየቅኳቸው። «ኧረ እሱ አንድ ካርድ ነው ያለው፣ እያጠፋ ነው የሚቀዳበት። ሰርቨሩ ላይ ካለ ምን ሊሆን ነው ይላል» አሉኝ።

ለወንጌላዊት ነገርኳት። ስትሰማ አልሳቀችም፤ እሷ ሳትስቅ ስትቀር ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

«ሰላምታውን ነው የቆረጥሽው? የሁሉንም?»

«ሁሉም አንድ አይነት መስሎኝ...»

«አንቺ፣ ሰው እኮ ማን እንደሆነ የሚናገረው እዛ ላይ ነው! የማን ልጅ ነህ፣ የየት ጎሳ ነህ፣ ማን አገባች፣ ማን ሞተ። የኔ አያት ሰላምታ ሳትጨርስ ብታቋርጫት ቤቷ አታስገባሽም።»

«ምን ላድርግ?»

«ለጋሽ ሣህሌ ንገሪያቸው። ዛሬ። አሁን።»

«እሺ» አልኳት። እስከ በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

አሁን የሚመጣውን ስጽፍ ስልኬን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ ተነስቻለሁ።

አርብ ምሳ ሰዓት የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ክፍል ገባሁ፣ ሰው የለም። የአቶ ኃይለሚካኤልን የቀረውን ሰላሳ ደቂቃ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ስለ ንብ ነው የሚያወሩት መሰለኝ። ካፊኖኖ ባልችልም ስም እኮ ስም ነው፤ «አልጋነሽ» የሚለውን እየጠበቅኩ። አስራ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ መጣ። ሁለት ጊዜ፣ ጥርት ብሎ፦ አልጋነሽ! አልጋነሽ! መጨረሻ ላይ ደግሞ ምርቃት አለ፣ ምርቃት መሆኑን አውቃለሁ፣ ጋሽ ሣህሌ እየደጋገሙ «አሜን» ይላሉ።

ስሙን ቆርጬ አወጣሁ። ምርቃቱን ቆርጬ አወጣሁ። አገጣጠምኳቸው። መሃሉ ላይ የዝናብ ድምፅ ከዛው ቅጂ ወስጄ አስገባሁ፣ መጋጠሚያው እንዳይታወቅ። አስራ አንድ ሰከንድ። ስሰማው እውነተኛ ነው የሚመስለው! እና ታውቃላችሁ ምን እንደተሰማኝ? ኩራት! ወይኔ ጎበዝ ነኝ ብዬ አሰብኩ፣ በእውነት፣ ወንበሩ ላይ እየተሽከረከርኩ። የሞተ ሰው ድምፅ ቆርጬ ቀጥዬ ወንበር ላይ ስሽከረከር አስቡኝ።

ቅዳሜ እትዬ አልጋነሽ መጡ። ጥቁር ለብሰዋል፣ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ፣ ከሌሊቱ ጀምሮ መኪና ሲጠብቁ ነበር። በጨርቅ የተቋጠረ ኮረሪማ ይዘውልኝ መጥተዋል። ለኔ! አዩኝና ግንባሬን ሳሙኝ።

«አንቺ ነሽ የአባቴን ድምፅ የምትጠብቂ? ትንሽ ልጅ ነሽ ለካ!»

ጋሽ ሣህሌ ቤት፣ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ጆሮ ማዳመጫ አደረግኩላቸው። ሻሻቸውን ገፋ አድርገው እንዳይወልቅ በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ሌላ ሰው አይሰማም?»

«አይሰማም እትዬ፣ ለርስዎ ብቻ ነው።»

ተጫንኩት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አስራ አንድ ሰከንድ እንዲህ ይረዝማል? ሲያልቅ ዓይናቸውን ሳይገልጡ በጣታቸው «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። ሶስተኛ። እንባቸው በዝምታ ነው የሚወርደው። አራተኛውን ሰምተው ማዳመጫውን አወለቁ።

«ተቆጥቶኛል» አሉ።

«ማን?»

«አባቴ። ልጅ ሆኜ ሳጠፋ እንዲህ ነበር የሚጠራኝ። ስሜን እንዲህ አድርጎ የሚጠራው ሲቆጣ ነው።»

«ኧረ እትዬ! እንደዛ አይደለም! እንዲያውም... መርቀዋል እኮ!»

«አዎ፣ መርቋል። አባት አይደል? ቢቆጣም ይመርቃል» አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ጥግ ጠረጉ። «እውነቱን ነው። ባሌ ታመመ አልኩ፣ መንገድ ተበላሸ አልኩ፣ ሁለት አመት አልሄድኩም። እኔ የሚያውቅልኝ መስሎኝ ነበር። ተቆጥቶ ነው የሞተው።»

መናገር ነበረብኝ። እዛው ጋ። እሳቸው ጭራሽ እጄን ይዘው ያመሰግኑኝ ጀመር፦ አንቺ ባትኖሪ ይሄን ሳላውቅ እኖር ነበር፣ ተባረኪ፣ ልጅ ይውጣልሽ። የፊታችን ቅዳሜ ወንድም እህቶቻቸውን ይዘው ማንኪራ መቃብሩ ጋ ሊሄዱ ነው። ለንስሐ አባታቸውም ነግረው፣ እዛው አባታቸውን ይቅርታ ሊጠይቁ። ድምፁንም ሚሞሪ ካርድ ላይ እንድገለብጥላቸው ጠየቁኝ፣ መቃብሩ ጋ ሁሉም እንዲሰሙት።

«እሺ» አልኩ። ይሄ «እሺ» የሚሉት ቃል ምነው ከአፌ ቢጠፋልኝ።

ሰኞ ወንጌላዊትን አስራ ዘጠነኛውን ደቂቃ አሰማኋት፣ ሽማግሌው ምን እያሉ እንደሆነ እንድትተረጉምልኝ። ትንሽ እንደሰማች ሳቀች፣ ከዛ ፊቷ ጠቆረ።

«ልጅ እያለች የሆነውን ነው የሚያወሩት። ቀፎ ሊያወርዱ ዛፍ ላይ ወጥተው፣ እሷ ጭሱን ያዢ ተብላ፣ ንብ ስትመጣባት ጭሱን ጥላው ሮጠች። እሳቸው ዛፍ ላይ ሆነው ‹አልጋነሽ! አልጋነሽ!› እያሉ እንዴት እንደጮሁባት ነው እያሳዩ ያሉት። ቀልድ ነው እኮ የሚያወሩት፣ ዝማሬ። አንቺ ጩኸቱን ብቻ ነው የቆረጥሽው።»

«ቀልድ ነው?»

«ቀልድ ነው። ‹ሰባት ቦታ ነደፉኝ፣ እሷ ግን ተቆጪም አኩራፊም ራሷ ሆነች› ነው የሚሉት።»

ከዚህ የባሰ የለም ብዬ ነበር። ማክሰኞ ጋሽ ሣህሌ ከጅማ ተመልሰው ቤታችን መጡ። እናቴ ማሩን በዳቦ አቀረበችላቸው።

«ሰማች አልጋነሽ?»

«ሰምተዋል።»

«አለቀሰች?»

«አዎ።»

«እኔ ልኖር ይገባኝ ነበር። የሷ ስም ጋ ሲደርሱ የሳቁትን ስትሰማ ምን አለች?»

ማሩን ወደሳቸው አስጠጋሁ። ጋሽ ሣህሌ ወደ እናቴ ዞረው ማውራት ቀጠሉ።

«አቶ ኃይለሚካኤል የስድስቱን ስም እንዲሁ ነው የጠሩት፣ ደህና ነው ደህና ናት እያሉ። እሷ ጋ ሲደርሱ ሳቅ! እኔ መቅጃውን ይዤ እስኪጨርሱ ጠበቅኩ። ‹ባሏን ታስታምማለች፣ እንዳትመጣ፣ እኔ ደህና ነኝ በላት። እሷ ስትመጣ ነው ይሄ ቤት የሚሞቀው› አሉ። መንገድ ተቆርጦ ሺሺንዳ ሳልደርስ ቀረሁ፣ መልዕክቱ እኔ ጋ ቀረ። ቀብር ላይ ሰላምታ መላካቸውን ብቻ ነግሬ ያሉትን ያልነገርኳት በራሳቸው ድምፅ ትስማው ብዬ ነው።» ከዛ ወደኔ ዞሩ። «ይኸው፣ ባንቺ ምክንያት ደረሳት።»

«ደስ አላቸው» አልኩ።

ደስ አላቸው አልኩ! ከአፌ ወጣ! እናቴ ጭንቅላቴን ዳበሰችኝ። ተነስቼ ጓሮ ሄጄ ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌ ቆምኩ።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ሚሞሪ ካርዱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ባዶውን። ለእትዬ አልጋነሽ ብነግራቸው አባታቸው አለመቆጣታቸውን ያውቃሉ፣ ግን ያን ሳቅ መቼም እንደማይሰሙት፣ ያጠፋሁትም እኔ መሆኔን፣ ያለቀሱበትም ነገር የኔ ስራ መሆኑን አብረው ያውቃሉ። ባልነግራቸው ቅዳሜ ልጆቹ ሁሉ ተሰብስበው ያልተቆጣ አባታቸውን ተንበርክከው ይቅርታ ይጠይቃሉ። ወንጌላዊት «አብሬሽ ሺሺንዳ እሄዳለሁ፣ ካፊኖኖ ላይ እረዳሻለሁ፣ መናገር ግን ያንቺ ነው» ብላኛለች። ለጋሽ ሣህሌ ደግሞ የአንዱን ብነግራቸው የመቶ ሰማንያ ስድስቱን መንገሬ ነው። ጅማ ሀኪም ቤት የሚመላለሱት ለልባቸው ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አንድ ነገር ቢሆኑስ?

አንዳንዴ ደግሞ፣ አትቆጡኝ፣ ለእትዬ አልጋነሽ «ጋሽ ሣህሌ አባትዎ ስቀዋል ብለዋል፣ ቅጂው ተበላሽቶ ነው እንጂ» ብዬ ደውዬ መገላገል ያምረኛል። ግማሹ እውነት ነው። ግን ግማሽ እየቆረጥኩ አይደል እዚህ የደረስኩት?

ነገ ጠዋት ወደ ሺሺንዳ የሚሄድ መኪና አለ፣ አንድ ሰዓት ላይ ከመናኸሪያ ይወጣል። ወንጌላዊት ትጠብቀኛለች። እግሬ ግን እንደ ባለፈው በር ድረስ ሄዶ ይመለሳል ብዬ እፈራለሁ። በናታችሁ፣ ልታስደስቱኝ ብላችሁ አትመልሱልኝ፣ እውነቱን ንገሩኝ፦ እናንተ በኔ ቦታ ብትሆኑ መጀመሪያ ለማን ትናገሩ ነበር? ፊታቸውን እያያችሁስ ከየት ትጀምሩ ነበር?